ድመት የምትታለለው አንድ ጊዜ ነው፦ ሐኪም ጋ ከመውሰድዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

በአዲስ አበባ ከአጠና ተራ እስከ ዓለም ባንክ ባሉት ግቢዎች ድመት አብዛኛውን ጊዜ የምትገባው ለአይጥ ነው። ከዚያ ልጆቹ ይለምዷታል፣ "ውሮ" ከሚለው የወል ስም ሌላ የራሷ ስም ይወጣላታል። አንድ ቀን ምግብ ስትተው ቤተሰቡ ተሰብስቦ "ሐኪም ጋ እንውሰዳት" ይላል። ማለቱ ቀላል ነው። በግ በገመድ ይጎተታል፣ ውሻም በሰንሰለት ይሄዳል፤ ድመት ግን ካርቶኑን ስታይ ኮርኒስ ውስጥ ገብታ ማታ ትወርዳለች።

እንበልና ተሳካልዎት። ሁለት ሰው ተቧጥጦ፣ ኮንትራት ታክሲ ተከፍሎ ክሊኒኩ በር ላይ ደረሱ። "ሐኪሙ ለከብት ሥራ ወጥቷል"፣ "የድመት ክትባት አልቋል"፣ "እኛ ድመት አናይም" ቢባሉስ? የታክሲው ገንዘብ ይቅር። ድመቷ ግን ያንን ካርቶን አውቃዋለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሥጋ ቢያስቀምጡበት እንኳ አትጠጋውም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ሁሉ ድመቷ ከመያዟ በፊት ይጠየቅ።

ዋጋ እዚህ አልጽፍልዎትም። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መድኃኒት ዋጋ ባለፈው ወር የሰሙት ላይሆን ይችላል። የሚጠይቁትን ግን ልንገርዎ።

ዛሬ ነው ወይስ በሁለት ሳምንት?

• ወንድ ድመት ነው? ለመሽናት ደጋግሞ እየተቀመጠ ጠብታ ብቻ ይወጣዋል ወይስ ጭራሽ አልሸናም? ዛሬውኑ ይውሰዱት። የሽንት ቱቦው ከተዘጋ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። "ሆድ ድርቀት ነው፣ ዘይት አጠጡት" የሚል ጎረቤት አይጠፋም፤ አይስሙት።

• አፏን ከፍታ እያለከለከች ነው? ውሻ ሲያለከልክ ሞቆት ይሆናል። ድመት አርፋ ተኝታ ይህን ካደረገች ግን አየር አጥሯታል።

• ምግብ ከተወች ስንት ቀን ሆናት? ሁለት ቀን ካለፈ አይጠብቁ። በተለይ ወፍራም ድመት ስትራብ የሰውነቷ ስብ ወደ ጉበቷ ይሄድና ሌላ በሽታ ይሆናል። መጀመሪያ ያመማት ድኖ ይህኛው ሊገድላት ይችላል።

• በግቢው የአይጥ መርዝ ያስቀመጠ አለ? ተከራዮቹን አንድ በአንድ ይጠይቁ፤ በአጥር ማዶ ያሉትንም። መርዝ የበላ አይጥ የበላች ድመትም ትመረዛለች። የመርዙን ማሸጊያ፣ ባዶም ቢሆን፣ ይዘው ይሂዱ፤ ሕክምናው እንደ መርዙ ዓይነት ይለያያልና። አንዱ ዓይነት፣ ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው፣ ሆድ ውስጥ ሲገባ ጋዝ ያወጣል። ድመቷ መኪና ውስጥ ካስመለሳት መስኮቱን ይክፈቱ፤ ጋዙ ለሰውም መርዝ ነው።

ክትባት፣ የሆድ ትል፣ ማምከን፣ የቆየ የጆሮ ማሳከክ ከሆነ አይጣደፉ። ሁለት ሳምንት ይስጡት፤ ምክንያቱን ሳጥኑ ጋ ስንደርስ ያዩታል።

ስልክ ይደውሉ፤ በደንብም ይጨቃጨቁ

በከተማችን "የእንስሳት ክሊኒክ" የሚል ታፔላ ብዙ ነገር ይሸፍናል። አንዱ በውሻ የለመደ ነው፣ ሌላው የወተት ላምና የዶሮ እርባታ እየዞረ የሚያክም ነው፣ ሦስተኛው በእርግጥ መድኃኒት መሸጫ ሆኖ ከጀርባው አንድ ጠረጴዛ ያለው ነው። ሁሉም "አዎ፣ ይምጡ" ይላሉ። እርስዎ ግን ይቀጥሉ፦

• "በሳምንት ስንት ድመት ታያላችሁ?" መልሱ ከተንተባተበ ሌላ ይፈልጉ። ድመት ትንሽ ውሻ አይደለችም፤ ለውሻ የሚሰጥ መድኃኒት እሷን የሚገድልበት ጊዜ አለ።

• "የሚያያት ማን ነው? የሙያ ፈቃዱስ?" በእኛ አገር ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ይባላል። በእንስሳት ሕክምና ዶክተርነት የተመረቀና የእንስሳት ጤና ረዳት የተለያዩ ናቸው። ረዳቱ ክትባት ቢወጋ ክፋት የለውም፤ ሆዷን የሚከፍተው ግን እሱ አይሁን። ፈቃድ ልይ ቢሉ የሚቀየም ሐኪም ካለ መቀየሙን ይዞ ይቅር።

• "ትንሽ ሚዛን አላችሁ?" ይህን ጥያቄ ማንም አይጠይቅም፤ ከሁሉ የሚበልጠው ግን እሱ ሊሆን ይችላል። ለከብት የለመደ እጅ ክብደትን በዓይን ይገምታል። 300 ኪሎ በሬ ላይ የ2 ኪሎ ስህተት ምንም አይደለም፤ 3 ኪሎ ድመት ላይ ግን ማደንዘዣው ከልክ በላይ ይሆናል። ሚዛን ከሌላቸው መንገድ ዳር ሰው የሚመዝኑት ልጆች ጋ ይቁሙ፦ መጀመሪያ ባዶውን ሳጥን ይዘው፣ ቀጥሎ ድመቷ ሳጥኑ ውስጥ ሆና። ልዩነቱ ክብደቷ ነው። ልጆቹ ይስቁብዎታል፤ ይሳቁ።

• "ክትባቱ አሁን ፍሪጅ ውስጥ አለ? የድመት ነው?" ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክትባት ያመርታል፤ ዋና ሥራው ግን የከብት፣ የበግ፣ የፍየልና የዶሮ ነው። ለድመት ጉንፋንና ለአንጀት በሽታዋ የሚሰጠው ጥምር ክትባት ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ይጠፋል፣ ይዘገያል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉ ይጠይቁ፤ ጄኔሬተር ከሌለ "በረዶ እናደርጋለን" የሚል መልስ እንኳ ከዝምታ ይሻላል።

• "ሁሉም ተደምሮ ስንት ነው?" "ማምከን ይህን ያህል" ሲሉዎ የቀዶ ሕክምናው ብቻ ሊሆን ይችላል። ካርድ ማውጫው፣ ማደንዘዣው፣ የሕመም ማስታገሻው፣ ግሉኮሱ፣ ስፌቷን እንዳትልስ አንገቷ ላይ የሚታሰረው ፕላስቲክ፣ ስፌት ማስወጫው ለየብቻ ይመጣሉ። አንድ በአንድ እየጠሩ "ይህስ ገብቷል?" ይበሉ። ከዚያም በቴሌግራም ወይም በአጭር መልእክት ያስጽፏቸው።

• "በአንድ ጉዞ ስንቱ ያልቃል?" የእኔ ተወዳጅ ጥያቄ ይህ ነው። ራሱ የሚሟሟ የስፌት ክር አለ? ካለ ለስፌት ማስወጫ ተመልሰው አይሄዱም። በቀን ሁለቴ ለሳምንት ከሚዋጥ ኪኒን ይልቅ ለቀናት የሚሠራ መርፌ አለ? ጥፍሯን መቁረጥ፣ ጆሮዋን ማየት፣ የትል መድኃኒት፣ ክትባት አንድ ላይ ይሆናል? የታመመች ድመት ክትባት እስክትድን ሊዘገይባት ይችላል፤ ለጤነኛዋ ግን ማጣመሩ ይቻላል። ክሊኒኩ ደጋግመው ቢመጡ አይከፋም፤ የካርድ ገንዘብ ነው። ማሳጠሩ የእርስዎ ፈንታ ነው።

• "ውሻ በማይበዛበት ሰዓት መቼ ልምጣ?" ጠዋት ከከፈቱ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ተራ ይሻላል። ከጦር ኃይሎች አልፈው ወደ መሀል ከተማ የሚሄዱ ከሆነ ግን የ2 ሰዓቱን መጨናነቅ ያስቡበት፤ ቀለበት መንገዱ ላይ ከድመት ጩኸት ጋር ተይዞ መቆም ሹፌሩንም ያስመርራል።

"ቤት ድረስ እንመጣለን" የሚሉም አሉ። ለማትያዝ ድመት ይህ ጥሩ ነው፤ እኔም አስቀድሜ የምመርጠው እሱን ነው። ሆኖም የመጓጓዣው ዋጋ ደርሶ መልስ መሆኑን፣ ድመቷ ባትገኝም ይከፈል እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ ምን ምን ማድረግ እንደማይቻል አስቀድመው ይወቁ። ክትባትና ምርመራ ይሆናል። ማህፀን ለማውጣት የወጥ ቤት ጠረጴዛ ይበቃል የሚል ካለ በሩን ያሳዩት።

ከበድ ያለ ነገር፣ ለምሳሌ የተሰበረ አጥንት፣ ከሆነ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቢሾፍቱ አለ፤ በ1979 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ነው። ከአየር ጤና ተነሥቶ ከተማውን አቋርጦ ከዚያ ሌላ 40 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፤ ሳይደውሉ አይነሡ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትን በተመለከተ ደግሞ ወረዳዎ ያለውን የከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፦ ዘመቻ አለ? ድመትን ይጨምራል?

ሳጥኑ

ካርቶን ርካሽ ነው፤ ድመት ስትፈራ ትሸናለች፣ የራሰ ካርቶን ደግሞ ከሥሩ ይለቃል። ያውም መሀል መንገድ ላይ። ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ጨምሮ መውሰድም የተለመደ ነው፤ ያፍናል፣ ሐኪሙም ሲፈታው ድመቷ ፊቱ ላይ ትዘላለች። ዚፕ ያለው የጉዞ ቦርሳ ለጥቂት ደቂቃ ይይዛታል፣ ከዚያ በጥፍሯ ትከፍተዋለች።

• ሳጥን መርካቶ ሄደው የሚገዙ ከሆነ መንጠቆው ይቆለፋል? ከላይ ይከፈታል? ከላይ የሚከፈት ከሆነ ሐኪሙ ሳይጎትታት ውስጡ እንዳለች ያያታል። ሻጩ "የድመት ነው" ይልዎታል፤ ይዘው ይወዝውዙት፣ ተገልብጦ በሩ ከተከፈተ ይመልሱለት።

• ለመግዛት ካልፈለጉ ሁለት የቲማቲም ፕላስቲክ ሳጥን አፍ ለአፍ ገጥመው በሽቦ ወይም በሲባጎ ማሰር ይቻላል። ይተነፍሳል፣ ይታጠባል፣ አይለቅም። የዶሮ ቅርጫት ከሆነ በሳሙና አጥበው ፀሐይ ያስመቱት፤ የዶሮ ሽታ አንድም ያስፈራታል አንድም ያቅበጠብጣታል።

• አሁን ሁለቱ ሳምንት። ሳጥኑን አፉን ከፍተው እሷ በምትተኛበት ጥግ ያስቀምጡት። ውስጡ የለበሱት አሮጌ ነጠላ ይግባ፤ ሽታው የእርስዎ ነው። ትንሽ ጉበት ወይም የሥጋ ፍርፋሪ መጀመሪያ አፉ ላይ፣ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ወደ ውስጥ። በሩን አይዝጉባት። ገብታ መተኛት ስትጀምር ብቻ ለአፍታ ዘግተው ይክፈቱላት። ሳጥኑን በዋዜማው ከቆጥ ካወረዱት ግን ጨዋታው አልቋል።

ፋርማሲ ውስጥ የሚያልቅ ድመት

ጉዞው ሲከብድ ሰው ወደ መድኃኒት ቤት ይሄዳል። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር፣ ድመት በዚህ ክፉኛ ሊጎዳ ይችላልና።

• ፓራሲታሞል፦ በምንም መጠን አይስጡ። ለእርስዎ ራስ ምታት የሚዋጠው አንድ ባለ 500 ኪኒን ድመትን ሊገድል ይችላል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም አይሆኑም።

• ለቁንጫ ዲያዚኖን ወይም ማላታይን፦ ለከብት መዥገር ብለው የሚሸጡልዎ ሰው "ትንሽ ውሃ ጨምረው ይቀቧት" ይላል። ድመት የተቀባችውን ሁሉ ትልሳለች። ለውሻ የተሠራ የፐርሜትሪን ጠብታም ያንቀጠቅጣታል።

• የከብት አይቨርሜክቲን፦ ጠርሙሱ ለበሬ ተለክቶ የተዘጋጀ ነው። በሲሪንጅ ጫፍ "ትንሽዬ" ማለት ልክ አይደለም፣ ግምት ነው።

• "የሚያስተኛ ነገር ስጡኝ"፦ ይህን ፋርማሲ አይጠይቁ። ዳያዜፓም በአፍ ሲሰጥ የአንዳንድ ድመት ጉበት ላይ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ሐኪሞች ከጉዞ በፊት ለምትረበሽ ድመት ጋባፔንቲን ያዝዛሉ፣ ከመነሣት ሁለት ሦስት ሰዓት አስቀድሞ የሚሰጥ። ስልክ ላይ "አስቀድማችሁ ታዝዙልኛላችሁ?" ብለው ይጠይቁ፤ መጠኑን በክብደቷ ሐኪሙ ይወስን። ሚዛኑን ያነሣሁት ለዚህም ነው።

ድመቷ ስለምትበላው ነገር ለሐኪሙ እውነቱን ይንገሩ። ወጥ የነካው እንጀራ የምትበላ ድመት ሽንኩርት እየበላች ነው፤ ሽንኩርት ደሟን ይጎዳል። በሁዳዴ 55 ቀን ቤቱ ሲጾም እሷም በሽሮ ከሰነበተች ክሳቷ በሽታ ላይሆን ይችላል፤ ድመት ሥጋ ካላገኘች አትኖርም። ይህን ባለመናገር ለደም ምርመራ የሚከፍሉ አሉ።

መያዣው ማታ

• ድመቷ የማን ናት? በተከራይ በተሞላ ግቢ ሦስት ቤት የሚመግባት ድመት ሦስት ባለቤት አላት። ሳይነግሯቸው አስመክነው ቢመልሷት ጠቡ ከሐኪሙ ሂሳብ ይበልጣል። መንገሩ ጥቅምም አለው፦ ያዋጣሉ።

• ማታውኑ በአንድ ክፍል ይዝጉባት፣ ከአሸዋ ዕቃዋ ጋር። የኮርኒሱ ቀዳዳ ተደፍኗል? ከአልጋው ሥር ካርቶን ሞልተው ዘግተውታል? ጠዋት በፍለጋ አንድ ሰዓት ካባከኑ ቀጠሮው አለፈ። ነፍሰ ጡር ካለች አሸዋውን እሷ አትጥረግ፤ በአዲስ አበባ የመንገድ ድመቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አብዛኞቹ ቶክሶፕላዝማ እንደነካቸው አሳይተዋል።

• ማደንዘዣ ካለ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንዳትበላ ተነግሮዎታል? ትንንሾቹ ግልገሎች ለረጅም ጊዜ መራብ የለባቸውም፤ ሰዓቱን ከሐኪሙ ይቀበሉ።

• ሳያሯሩጡ፣ ፎጣ ጣል አድርገው ከነፎጣው ወደ ሳጥኑ። በማጅራቷ አያንጠልጥሏት። ልጅ አያስይዙ።

ከነከሰችዎ ወይም ከቧጠጠችዎ ነገሩ ሌላ ነው። አዲስ አበባ በምኒልክ ዘመን፣ በ1895 ዓ.ም.፣ ትልቅ የእብድ ውሻ በሽታ ወረርሽኝ አይታለች፤ ዛሬም በአገሪቱ በዓመት ወደ 2,700 ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል ተብሎ ይገመታል። በብዛት የሚያስተላልፈው ውሻ ነው፤ ከውሻ ጋር የተናከሰች ድመትም ታስተላልፋለች። ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይጠቡ። ቡና አይነስንሱበት፣ ቅጠልም አይለጥፉበት። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ክትባቱ ከሌላቸው የት እንዳለ ያስደውሏቸው። ድመቷን ደግሞ አይግደሏት፣ አይልቀቋትም፦ 10 ቀን ተዘግታ መታየት አለባት። በመሀል ከሞተች ያከመዎትን ጤና ጣቢያ ወዲያው ይንገሩ፤ ምርመራው ፓስተር በሚባለው ሰፈር ባለው በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይደረጋል። የእብድ ውሻ ጉዳይ ባይሆን እንኳ የድመት ንክሻ ጥልቅ ነው፤ እጅ በአንድ ቀን ውስጥ ሊያብጥ ይችላል።

መጓጓዣ ላይ አጭር ልሁን። ሚኒባስ ውስጥ አይግቡ። ባጃጅ ጎኑ ክፍት ነው፣ ጩኸቱም ያሳብዳታል። ራይድ ወይም ላዳ ሲጠሩ ከመምጣቱ በፊት "ድመት ይዣለሁ፣ ሳጥን ውስጥ ናት" ይበሉ፤ በር ላይ ደርሶ የሚሰማ ሹፌር ዋጋም ይጨምራል፣ ጥቁር ከሆነች ደግሞ "ዛሬ ገና መጀመሪያዬ ነው" ብሎ ጥሎዎ ሊሄድ ይችላል። ሳጥኑን በጨርቅ ይሸፍኑ፣ ከሥሩ ላስቲክ ያንጥፉ፣ መሬት ላይ በሁለት ወንበር መሀል ይቀመጥ።

ከክሊኒኩ ከመውጣትዎ በፊት

• የተወጋችው ምን እንደሆነ በጽሑፍ ይቀበሉ። "የሚያበረታ መርፌ" የመድኃኒት ስም አይደለም።

• ክትባት ከሆነ ከብልቃጡ የተነሣው ተለጣፊ ወረቀት ደብተሩ ላይ ይለጠፍ፤ የምርት ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀን እዚያ ላይ አለ። ብልቃጡን ሳያሳዩዎ ከጓዳ ተሞልቶ የመጣ ሲሪንጅ ካዩ ይጠይቁ።

• ከማደንዘዣ ካልነቃች አይረከቧት። ራሷን ቀና አድርጋ መቀመጥ ትችል። "ቤት ትነቃለች" የሚለው የእነሱን የመዝጊያ ሰዓት ለማክበር ሊሆን ይችላል።

• ማታ ቢብስባት የሚነሣ ስልክ የማን ነው? የጠረጴዛው ስልክ 12 ሰዓት ላይ ይዘጋል።

• ደረሰኝ ከማሽን። ውዝግብ ቢነሣ ወይም ለግብርና ባለሥልጣን ማመልከት ቢፈልጉ በእጅዎ ያለው እሱ ብቻ ነው።

• ቤት ሌላ ድመት ካለ ለጥቂት ሰዓት ይለያዩአቸው፤ የታከመችው የክሊኒክ ሽታ ስላላት ቤት የቆየችው እንደ እንግዳ ልታጠቃት ትችላለች። ሳጥኑንም አጥበው ወደ ጥጉ ይመልሱት እንጂ ቆጥ ላይ አይስቀሉት።

• የቀጣዩ ክትባት ቀን በየትኛው አቆጣጠር ነው የተጻፈው? አንዳንዱ በፈረንጅ ይጽፋል፣ አንዳንዱ በኢትዮጵያ፣ ዓመቱን ሳይጽፍ ቀኑን ብቻ የሚያሰፍርም አለ። 5/7 ሲባል መጋቢት ነው ወይስ ጁላይ? በር ላይ ሆነው የወሩን ስም በፊደል ያስጽፉ።